የሾሾንጉ ዝምተኛና የፍየል ዘመዶቹ

ሾሾንግ መንደር ውስጥ ሌፎኮን የማያውቅ የለም፤ ድምፁን ግን ብዙ ሰው አያውቀውም። የከብት ማኅበሩን የውሃ ጉድጓድ ሞተር የሚያስነሣው እሱ ነው። ማለዳ ሞተሩ ሲንደቀደቅ ሰው «ሌፎኮ ተናገረ» ይላል። ከዚያ ውጭ ከሱ የሚሰማ ነገር ቢኖር «እ» እና «አዎ» ነው፤ «አይደለም» ይረዝምበታል መሰል ራሱን ነቅንቆ ይገላገላታል። ይባስ ብሎ ስሙ በአገሩ ቋንቋ «ቃል» ማለት ነው። አባቱ ያላቸውን ቃል ሁሉ ለስሙ ሰጥተው ለአፉ ሳያስተርፉለት ቀሩ እያሉ ይቀልዱበታል።

ኩራት ይዞት አይደለም። ነገር አያልቅበትም፤ እንዲያውም ሆዱ ሙሉ ነው። ችግሩ መልሱ የሚመጣለት ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ መሆኑ ነው። አንዱ መንገድ ላይ ያገኘውና «አንተ ሌፎኮ፣ ፍየሎችህ ምነው ከሱ? ናፍጣ ነው እንዴ የምታጠጣቸው?» ብሎ ይነካካዋል። እሱ ዝም። ሰውየው ቤቱ ገብቶ፣ እራቱን በልቶ፣ ጫማውን ማውለቅ ሲጀምር፣ ሌፎኮ እዚያ ጉድጓዱ አጠገብ ብቻውን ቆሞ ሰውየውን ከነዘር ማንዘሩ የሚዘርር መልስ ድንገት ዱብ ይልለታል። ማን ይስማው? ዕድሜው አርባ ስድስት እስኪሞላ እንዲህ ጊዜው ያለፈበት መልስ ሲያጠራቅም ኖረ።

የሚኖረው ታላቅ እህቱ ማሴጎ ግቢ ነው። ማሴጎ ደጃፏ ላይ ትንሽ ሱቅ አላት፤ ሳሙና፣ የስልክ ካርድ፣ በዘይት የተጠበሰ ትኩስ ሊጥ ትሸጣለች። ከሁሉ በላይ ግን ታወራለች። ሌፎኮን ሰው አንድ ነገር ከጠየቀው የምትመልሰው እሷ ናት። አንድ ጊዜ አሞት ይዛው ክሊኒክ ሄዳ፣ ሐኪሙ «የት ላይ ነው የሚያምህ?» ሲለው «ጎኑን ነው» አለች ቀደም ብላ። ያመመው ጉልበቱ ነበር። እሱም ከመከራከር ይሻላል ብሎ የጎኑን መድኃኒት ተቀብሎ፣ እያነከሰ ወጣ።

የእህቱ ልጅ ሴጎ ዋና ከተማው ጋቦሮኔ ሥራ አግኝታ ስትሄድ አሮጌ ስልኳን ተወችለት። በዚያ ሰሞን አንዲቱ ፍየሉ ጡቷ አብጦ ተጨንቆ ስለነበር፣ ልጅቱ «የፍየል ዘመዶች» በሚባል የዋትስአፕ ግሩፕ ውስጥ አስገባችው።

«አጎቴ፣ እዚህ ጠይቅ» አለችው። «ደግሞ አትፍራ፣ መናገር የለም። መጻፍ ብቻ ነው።»

ጠየቀ። ከየአውራጃው መልስ ጎረፈ፤ ፍየሏም ዳነች። ሌፎኮ ግን ከግሩፑ አልወጣም። ከሞተሩ አጠገብ ባለችው ጥላ ቁጭ ብሎ የሰውን ፍየል ፎቶ ሲያይ፣ የሰውን ክርክር ሲያነብ ይውላል።

አንድ ቀን ማቦይፔሎ የምትባል የካንዬ ሴት የአንዲት ባለ አንድ ቀንድ ፍየል ፎቶ ላከች። ፍየሏ አፍ ላይ የባርኔጣ ጠርዝ ተንጠልጥሏል። «ይቺ ጉደኛ የሰባኪያችንን ባርኔጣ በላችብኝ። ምን ላድርጋት?» ይላል ጽሑፉ። አንዱ ሽጫት አለ፤ ሌላው እረጃት አለ፤ ሌላው ደግሞ ባርኔጣው ገለባ ከሆነ አይጎዳትም ብሎ አጽናና። ከዚያ ወሬው ወደ ክትባት ዞረ፣ ሰዉም ባርኔጣውን ረሳው። ሌፎኮ መልሱ የመጣለት፣ እንደ ልማዱ፣ ወደ ማምሻው ላይ ነው። በብስጭት ስልኩን ሲከፍት ግን አንድ ተአምር አየ፤ የሴትየዋ ጥያቄ አልሄደም። ከነፎቶው እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። በሌባ ጣቱ አንድ አንድ ፊደል እየለቀመ ጻፈ፤

«ባለ አንድ ቀንዷ፣ የአጥር ጠላት፣
የሰባኪውን ባርኔጣ የቀማች ለት፣
ምዕመኑ ሲያዝን እሷ ጠገበች፣
አሜን ሳይባል ጓሮ ገባች።»

ላከና ደንግጦ ስልኩን ኪሱ ከተተው። መልሶ ሲያወጣው ግሩፑ በሳቅ ተቀጣጥሎ ነበር። ባካኒ የሚባል የቱቱሜ የጭነት መኪና ሹፌር «ይህ ሰው ማን ነው? እስካሁን የት ተደብቆ ነው?» ብሎ የራሱን ወጠጤ ፎቶ ላከ። «እንካ፣ ይሄንንም አወድስልኝ! ሚስቴ ንቃዋለች።» ሌፎኮ አንድ ቀን አሰበበትና መለሰለት፤

«ጢሙ ሽማግሌ፣ ሐሳቡ ጎረምሳ፣
ሚስቶቹን ሲቆጥር የሚውል ያለ ምሳ።»

ከዚያ ወዲያ ሌፎኮን የሚያቆመው ጠፋ። ፍየል የወለደችለት ሁሉ ፎቶዋን ይዞ ወደ ሌፎኮ ነው። በዚያ ግሩፕ ውስጥ እሱ ማለት ሠርግ ቤት እንደሚጠራ ተጫዋች ማለት ነበር፤ እሱ ካልጻፈ ቀኑ አይሞቅም። ከሁሉም ደግሞ ከማቦይፔሎና ከባካኒ ጋር ተጣበቀ። ማቦይፔሎ ባሏ የሞተባት፣ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። ጠዋት ጠዋት «ዛሬስ ጉልበትዎ እንዴት አደረ?» ብሎ ሳይጠይቃት ሞተሩን አያስነሣም። ከባካኒ ጋር ደግሞ የቱቱሜ ፍየል ይበልጣል የሾሾንግ በሚል ክርክር ተያይዘው ዓመት አለፋቸው፤ ሁለቱም መሸነፍ አልፈለጉም፤ ማሸነፍማ ጭራሽ አልፈለጉም፤ ወሬው ሊያልቅባቸው ነዋ!

አንድ ጊዜ ባካኒ «አንተ ሰው፣ በአፍህም እንዲህ ነህ?» ብሎ ጻፈለት። ሌፎኮ ቀልድ መጣበት። «ምን ትላለህ! ትናንት በመንደሩ አለቃ ሸንጎ ተነሥቼ ስናገር ውሻ ሳይቀር ቆሞ ሰማኝ። አለቃው ራሳቸው ‹በቃህ ልጄ፣ ለነገም አስተርፍ› አሉኝ» አለ። ቀልድ ነው ብለው ይስቃሉ ሲል አመኑት! በሳምንቱ «ሸንጎው እንዴት ነበር?» ብለው ጠየቁት። አሁን ምን ይበል? ሌላ ጨመረ። ውሸት እንደ ፍየል ናት፤ አንዷን ካስገባሃት ልጆቿን አስከትላ ነው የምትመጣው። ሳይታወቀው ሌፎኮ ካንዬና ቱቱሜ ላይ የሾሾንግ አንደበተ ርቱዕ ሆኖ ቁጭ አለ።

ማቦይፔሎ ዓይኗን ታክማ በፋሻ ተሸፍና የሰነበተች ጊዜ ጉድ ሊፈላ ነበር። «ማንበብ አልችልምና በድምፅ ላክልኝ፤ ያን አፍህን ልስማው» አለችው፣ የልጅ ልጇን አስጽፋ። ሌፎኮ ስልኩን አፉ ላይ ደግኖ ቆመ። ላቡ መጣ። «እ…» አለና አጠፋው። እንደገና ሞከረ፤ አሁንም «እ»። መጨረሻ ላይ ስልኩን ይዞ በረት ገባና ለአውራው ፍየል አፍ ላይ ደገነው። ፍየሉ እንደ ዘፋኝ ለቀቀው። እሱን ላከላት፤ በማግስቱ ጠቦቷን፣ በሠልስቱ ዶሮዋን። ማቦይፔሎ ፋሻዋ እስኪረጥብ ሳቀች አሉ። ቀልድ መስሏታል።

በዚህ ሁኔታ ላይ እያሉ ክረምቱ ገባና ማሃላፕዬ ላይ የእርሻ ትርኢት ተከፈተ። ማቦይፔሎ ከደቡብ፣ ባካኒ ከሰሜን መጥተው ትርኢቱ ላይ ተገናኙ። ሾሾንግ ቅርብ ነው። «ሳንነግረው ሄደን እናስደንግጠው» ተባባሉና የባካኒ ትንሿ ፒካፕ ውስጥ ገብተው መጡ። ከዚህ በኋላ ሱቁ ደጃፍ ላይ የሆነውን ሌፎኮ በዓይኑ አላየም፤ ከእህቱ አፍ ግን ደጋግሞ ሰምቶታል፤ በሰማው ቁጥርም ይረዝማል።

«ዱሜላ ማ» ብላ በአገሩ ወግ ሰላምታ ሰጠች ማቦይፔሎ፣ ሱቁ መስኮት ላይ ደገፍ ብላ። «አቶ ሌፎኮን ፈልገን ነበር።»

«ወንድሜ ነው። ምን አጠፋ?» አለች ማሴጎ።

«ኧረ ምንም! ወዳጆቹ ነን።»

«የማን ወዳጆች?»

«የሱ ነዋ! ያ ተጫዋቹ፣ ያ ነገር አዋቂው!»

ማሴጎ እጇን በሽርጧ ጠረገች። «እንግዲያማ ተሳስታችኋል እናቴ። የኔው ሌፎኮ ባለፈው የገና በዓል ‹ጨው አነሰው› ብሎ ተናግሮ እስካሁን ድካሙ አለቀቀውም።»

ባካኒ ስልኩን አውጥቶ አሳያት። «ይኸው! ፎቶው የሱ አይደለም?»

«ፎቶው የሱ ነው፣ ወሬው ግን የሱ አይደለም። ስልኩን አንዱ ዱርዬ ሰርቆት ይሆናላ! ለመሆኑ ገንዘብ ላኩልኝ አላችሁ?»

«ገንዘብ? እሱ የሚጠይቀን የፍየሎቻችንን ጤና ነው» አለች ማቦይፔሎ። «ሸንጎ ላይ ሲናገር እንኳ አለቃው በቃህ እስኪሉት—»

ማሴጎ ከዚህ በኋላ አልሰማችም። የሳሙና ካርቶን ላይ ተደፍታ ትንፋሽ እስኪያጥራት ሳቀች። «ሌፎኮ? ሸንጎ ላይ? ወይኔ ወንድሜ! ወይኔ የአባቴ ልጅ! በሉ ተነሡ፣ ይህንንማ ሳላይ አልቀርም!» አለችና፣ ቅዳሜ ቀን ዘግታው የማታውቀውን ሱቅ ጥርቅም አድርጋ ዘግታ ቀደመቻቸው።

ሌፎኮ ሞተሩን ግራሶ እየቀባ ነበር። ቀና ሲል ማቦይፔሎን በፎቶ በሚያውቃት ሐምራዊ ሻሿ፣ ባካኒን በፍንጭት ጥርሱ ለያቸው። ልቡ እንደ ጠቦት ዘለለ። ወዲያው ደግሞ ከኋላቸው እህቱን አየ፤ ፊቷ ላይ ያለውን ሳቅም አየ፤ አበቃ፣ ታወቀብኝ አለ በሆዱ።

ባካኒ ሮጦ አቀፈው። «በል እንጂ! ይህን ሁሉ መንገድ የነዳሁት አፍህን ፍለጋ ነው፤ በል ክፈተው!»

ሌፎኮ አፉን ከፈተ። ሦስቱም ጠበቁት። ማሴጎ እንኳ ዝም አለች፤ ይህ ራሱ አስፈራው።

«እ…» አለ። ከዚያ ዞር ብሎ ሞተሩን አስነሣው።

ሞተሩ ሲጮህ ማንም ማንንም አይሰማም፤ ሌፎኮም የፈለገው እሱን ነበር። ገንዳው ሞልቶ ፈሶ ጫማቸውን እስኪያርስ አላጠፋውም። እንግዶቹ ባዶ ገንዳ እንዳዩ ላሞች እርስ በርስ ተያዩ።

እንግዳን ደጅ አድርሶ መመለስ ነውር ነውና ማሴጎ ግቢዋ አስገባቻቸው። የማሽላ ገንፎ፣ ተወቅጦ የላመ ሥጋ፣ የዝንጅብል መጠጥ አቀረበች፤ ከምግቡ ጋር ወሬውንም አብዝታ አቀረበች። ስለ ሟች አባታቸው፣ ስለ ሰፈሩ ጠበኞች፣ ስለ ዘይት መወደድ አወራች። ሌፎኮ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ያያል። ባካኒ ወደ ማቦይፔሎ ዘንበል ብሎ አንሾካሾከ። የጭነት መኪና ሹፌር ሹክሹክታ ግን ምን ያህል ይደበቃል?

«ማ፣ እርስዎ እሱ ይመስልዎታል? እኔ እንጃ። የሚጽፍለት ሌላ ሰው አለ።»

ሌፎኮ ሰማ። ስለ ሸንጎው ውሸታም ቢሉት ይችለው ነበር፤ እውነታቸውን ነው። ያች ባርኔጣ፣ ያ ያለ ምሳ የሚውለው ወጠጤ፣ የዚያ ሁሉ ጠዋት ሰላምታ የሌላ ሰው ነው መባሉን ግን አልቻለውም። ሳህኑን አስቀምጦ ተነሣና ከፍየሎቹ በረት በስተጀርባ ሄዶ ተሰወረ።

«አያችሁ?» አለች ማሴጎ። «አስቀየማችሁት። እኔ እህቱ ብሰድበው ያባት ነው፤ እናንተ ግን—»

የሁለቱ እንግዶች ስልክ አንድ ላይ ጮኸ።

ማቦይፔሎ መነጽሯን አድርጋ ጮክ ብላ አነበበች። «‹ባካኒ፣ ሹክሹክታህ ማሃላፕዬ ድረስ ይሰማል። ሌላ ጊዜ ስታማኝ መጀመሪያ መኪናህን አስነሣ።›»

ባካኒ የያዘው ሥጋ ከእጁ ወደቀ። ስልኩ ደግሞ ጮኸ፤ ማቦይፔሎ ማንበቧን ቀጠለች።

«‹የሸንጎው ነገር ውሸት ነው። እዚያ ተናግሬ አላውቅም፤ አለቃውም የሚያውቁኝ በሞተሩ ድምፅ ነው። ሌላው ሁሉ ግን የኔው ነው። ነገር የሚመጣልኝ ዘግይቶ ስለሆነ ነው፤ ሰው ፊት አይደርስልኝም። ይቅርታ አድርጉልኝ። ገንፎው ሳይቀዘቅዝ ብሉ።›»

ማሴጎ ማንኪያዋን እንደያዘች ወደ በረቱ አየች፤ ከአጥሩ በላይ የወንድሟ ቆብ ጫፍ ብቻ ይታያል።

«ስለ እኔስ?» አለች ቀስ ብላ። «ስለ እኔ ምን ይላል?»

ለዚህኛው ትንሽ ጠበቁ። ግጥም ስለሆነ ነው የዘገየው፤

«እህቴ ስትናገር ዶሮው ይሰማል፣
ውሻው ተራ ይዞ ‹እኔስ መቼ?› ይላል፤
እኔ ቃል ባላወጣ ማንን ይገርማል?
የቤቱ ቃል ሁሉ በሷ አልቋል።»

«እኔን ነው?» አለች ማሴጎ፣ ፊቷ ተቆጥቶ። «ውሻው ተራ ይዞ? እኔን? ቆይ ባልመጣለት!» ከተቀመጠችበት ብድግ አለች፤ እንደገና ተቀመጠች፤ ከዚያ ሳቁ ከየት እንደመጣ ሳታውቀው ገነፈለባት። ዓይኗን በሽርጧ ጠርጋ «ይህ ልጅ ይህን ሁሉ ዘመን ሆዱ ውስጥ ይዞት የኖረው ይሄንን ነው?» አለች። «እኔ ደግሞ ባዶ ነው ብዬ እኮ ነው የምሞላለት!»

ባካኒ «ሌፎኮ! ና ውጣ!» ብሎ ሊጣራ አፉን ሲከፍት ማቦይፔሎ እጁን ያዘችው። ስልኳን አንሥታ ቀስ እያለች ጻፈች። «ና ተመለስ። እዚህ ማንም አይጠይቅህም። ሲመጣልህ ትልከዋለህ።»

ሌፎኮ ራሱ ላይ ገለባ ተሰክቶበት ተመልሶ መጣና መሬቱ ላይ አጠገባቸው ቁጭ አለ። ከዚያ በኋላ ያለው ከሰዓት እንዴት እንዳለፈ ለሚያይ ሰው ለጉድ ነበር። ሦስቱ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ተቀምጠው፣ አንገታቸውን ስልካቸው ላይ ደፍተው፣ አንዱ ይነካካል፣ ሁለቱ በሳቅ ይፈነዳሉ፤ ደግሞ ዝም። ባካኒ በአፉ ይከራከራል፣ ሌፎኮ በጣቱ ይመልሳል፤ የቱቱሜ ፍየል ዛሬም አልተሸነፈም። ጎረቤትየዋ በአጥር አሾልቃ አይታ «ማሴጎ፣ እንግዶችሽ ተኳርፈው ነው እንዴ የማይነጋገሩት?» አለች።

«አርፈሽ ተቀመጪ» አለች ማሴጎ በኩራት። «እያወሩ ነው!»

ሊሄዱ ሲነሡ ማቦይፔሎ ፒካፗ አጠገብ እጁን በሁለት እጇ ያዘችው። «ስማ ልጄ፣ ነርስ ሆኜ ስኖር አፈኛ አጥቼ አላውቅም። ታማሚውም ያወራል፣ ጠያቂውም ያወራል፣ ሐኪሙም ያወራል። ዓይኔ ተሸፍኖ ጨለማ ውስጥ በተኛሁ ጊዜ ግን በየማለዳው ያልረሳኝ ያንተ በረት ነው። ሸንጎውን ለሌላ ተውለት።»

ሌፎኮ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ፒካፗ አስፋልቱ ላይ ስትደርስ መልሱ ደረሳት። ምን እንዳላት ማቦይፔሎ ለማንም አላነበበችም፤ ባካኒ ብዙ ለምኖ ተስፋ ቆረጠ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ አማረ ማለት አይደለም። ማሴጎ በማግስቱ «እኔም ዘመድ ነኝ» ብላ ግሩፑ ውስጥ ገባች። መጻፍ ይዘገይብኛል ብላ በድምፅ ትልካለች፤ አንዱን መልእክቷን አዳምጦ ለመጨረስ ገንፎ አገንፍቶ መብላት ይቻላል። አባላቱ ሳምንት ሳይሞላ ተንጫጩ፣ ለሌፎኮም በጎን «እባክህ እህትህን አስታግስልን» ብለው ጻፉለት። «እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ ችያት ኖሬያለሁ፤ እናንተ አንድ ሳምንት አቃታችሁ?» አላቸው።

ሾሾንግም ሰማች። መንገድ ላይ የሚነካካው ሰው ዛሬም ይነካካዋል፤ ሌፎኮም ዛሬም ዝም ነው፤ ግን ሰውየው «እሺ፣ መልሱን ማታ ላክልኝ» ብሎ ቁጥሩን ይሰጠውና ትንሽ ፈራ እያለ ይሄዳል። አለቃው አንድ ቀን አስጠርተውት የሸንጎ ንግግር ሊያደርግ ይሆን ብሎ እየፈራ ሄደ። የፈለጉት ለኮርማቸው ሙገሳ ኖሯል። ጻፈላቸው፤ ያነበበችው ማሴጎ ናት፤ ሁለት ስንኝም ከራሷ ጨመረችበት።

በዓመቱ ማቦይፔሎ የጓሮ ጎጆዋን ክዳን ልታስለውጥ መሆኑን ጻፈች። ሌፎኮ ሞተሩን ለሌላ ሰው አደራ ብሎ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጋቦሮኔ አልፎ ወደ ካንዬ በአውቶቡስ ተሳፈረ። ባካኒም መኪናውን ሣር ጭኖ ከሰሜን ደረሰ። ሌፎኮ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ሣሩን ሲያስር ዋለ። የማቦይፔሎ የልጅ ልጆች ጆሮው አይሰማ ይሆናል ብለው «አጎቴ! ሻይ!» እያሉ ከታች ይጮኹበታል። እሱም ደስ ስላለው አላረማቸውም።

ሥራው አልቆ አገሩ በገባ ዕለት፣ ማቦይፔሎ በግሩፑ ላይ «እንግዳዬ በሰላም ደረሰ ወይ?» ብላ ጠየቀች። ማንም ሳይቀድማት የማሴጎ ድምፅ መጣ፤ «ገብቷል፣ ደህና ነው፣ ወፍሯል፣ ምን እያበላችሁ ነው የላካችሁት? ጉልበቱ ላይ ቁስል አለው፣ ከጣሪያ ወደቀ እንዴ? እኔ ብጠይቀው እ ይለኛል…» ብላ፣ ብላ፣ ድንገት ዝቅ አለች። «ቆይ እስቲ፣ ያውና ጥላው ሥር ቁጭ ብሎ እየጻፈላችሁ ነው። እኔ እስኪጨርስ ዝም እላለሁ።»

እስኪጨርስ ድረስ አልዘለቀችበትም። ግን ሞከረች።